ስለ ጠጠር ካባ አሠራርና ስለ ተቈፈረው ምድር ጥገና

ለመንገድ ንጣፍ፣ ለድልድይ ዓምድና ለቤት ወለል ከሲሚንቶ ጋር የሚቦካው ጠጠር፣ የጥንት ወንዞችና የበረዶ ግግሮች ከተራራ ፈልፍለው፣ በጉዞ ብዛት አሞልሙለው፣ ጉልበታቸው በደከመበት ሜዳ ላይ አኑረውት ያለፉት ቅሪት ነው። ስለዚህም ጠጠር የሚገኝበት ስፍራ አዘውትሮ በወንዝ ዳር የተኛ ለም መሬት በመሆኑ ገበሬውና ጠጠር አውጪው የሚሹት አንዱን መስክ ነው፤ ልዩነቱ ያ ከላይ ያለውን ሁለት ስንዝር አፈር፣ ይህ ደግሞ ከሥሩ ያለውን መፈለጉ ነው። ሁለቱም የየድርሻቸውን ሊያገኙ የሚችሉት ግን፣ የመጀመሪያው አካፋ ሳይነሣ የመጨረሻው የምድሪቱ መልክ በወረቀት ላይ የተነደፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ዕቅድ አውጪው በመስኩ ላይ እዚህም እዚያም የሙከራ ጉድጓድ ያስቈፍራል፤ የወጣውን በወንፊት አስነፍቶ ጠጠሩን፣ አሸዋውንና ጭቃውን በየመጠኑ ይለያል፤ ከሁሉ በላይም የከርሰ ምድር ውኃ በክረምትና በበጋ የሚደርስበትን ከፍታ ይመዘግባል። የምድሪቱን ዕጣ የሚወስነው ይህ ነው፤ ቁፋሮው ከውኃው በላይ ከቆመ ቦታው ተመልሶ እርሻ ወይም ግጦሽ ሊሆን ይችላል፣ ከውኃው በታች ከወረደ ግን ሐይቅ መሆኑ አይቀርም። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም አጠገብ፣ በትሬንት ወንዝ ዳር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ ጠጠር የወጣባቸው የአተንቦሮ ጉድጓዶች በውኃ ተሞልተው፣ በ1966 ዓ.ም. አዕዋፍ የሚጠለሉበት ጥብቅ ስፍራ ሆነው ተከፍተዋል።

ይሁን እንጂ የሥራው ሁሉ ምሥጢር ያለው በላይኛው አፈር አያያዝ ላይ ነው። ይህ አፈር ዘርና ሥር፣ ትልና ለዓይን የማይታዩ ሕያዋን የሞሉበት ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ካለው ድሃ አፈር ጋር ሳይደባለቅ፣ በደረቅ ወራት ብቻ ተገፎ ለብቻው ይከመራል፤ የክምሩም ቁመት ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር እንዳያልፍ ይጠነቀቁለታል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ውስጡ አየር አጥቶ ይሞታልና። ዝናብና ነፋስ እንዳይወስዱት ሣር ይዘራበታል፤ ገልባጭ መኪናም አይረግጠውም። ከዚህም የሚሻለው ጭራሽ አለመከመር ነው፤ ይኸውም መስኩን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ ከሁለተኛው ክፍል የተገፈፈውን አፈር ጠጠሩ ባለቀበት በመጀመሪያው ክፍል ላይ በቀጥታ ማልበስ ነው። አፈሩ ከመልበሱ በፊት የጉድጓዱ አፋፍ በሦስት ሜትር አግድመት አንድ ሜትር ብቻ እንዲያዘቀዝቅ ሆኖ ይደለደላል፤ በመኪና ጎማ የጠጠረው ወለልም ዶዘር ከኋላው በሚጎትተው ጥርስ ይታረሳል፤ ይህ ካልተደረገ ውኃ ተኝቶበት የተክሉን ሥር ያበሰብሰዋል።

አፈር ያልነበረበት ካባ ምን ዓይነት ድካም እንደሚጠይቅ በኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን በባምቡሪ ታይቷል። እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የተቈፈረው ጠጠር ሳይሆን ለሲሚንቶ የሚሆን የዛጎል ኖራ ድንጋይ ነው፤ የቀረውም ጨዋማ ውኃ ከሥሩ ያለበት፣ ፀሐይ የሚያነደው ራቁት ዐለት ነበር። የስዊስ ተወላጅ የሆነው የእርሻ ሊቅ ሬኔ ሃለር በ1971 ዓ.ም. 26 ዓይነት ዕፀዋት ተክሎ ቢሞክር የጸደቁት ሦስት ብቻ ሆኑ፤ ከእነርሱም ዋናው ሸውሸዌ ነው። ሸውሸዌ በሥሩ ላይ ከሚያድሩ ረቂቃን ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚወስድ በዐለቱ ላይ ሊያድግ ቻለ፤ ዳሩ ግን እንደ መርፌ የቀጠነው ቅጠሉ ረግፎ ሳይበሰብስ እንደ ደረቀ ተከመረ፣ አፈርም አልሆነም። ሃለር ግን አንድ ቀን ያንን ቅጠል የሚበላ እንስሳ አየ፤ አካሉ ጥቁር፣ እግሮቹ ቀያይ የሆኑ፣ ሺ እግር የሚባለው ረጅም ፍጥረት ነበር። በብዛት አስለቅሞ በዛፎቹ ሥር ለቀቀው፤ እርሱም ቅጠሉን እየበላ፣ ኩሱን እየጣለ፣ ዐለቱን በብስባሽ አለበሰው። በዚያ ብስባሽ ላይ ሌሎች ዛፎች በቀሉ፤ በኩሬዎቹ ቆሮሶ ረባ፤ ጉማሬና ኤሊም ገብተውበት ስፍራው ዛሬ ሃለር ፓርክ ይባላል። ያ የቅጠል ክምርና ያ ትሑት ፍጥረት፣ በሌላ ስፍራ በዶዘር በአንድ ቀን ተገፎ ሊቀመጥ ይችል የነበረውን አፈር ለመተካት ዓመታት ፈጅተዋል።

ለእያንዳንዱ ካባ ሃለርን የመሰለ ሰው ስለማይገኝም፣ በብዙ አገሮች ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ቁፋሮ ሳይጀመር የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል። እንደ እኔ አስተያየት የገንዘቡ ልክ ሊሆን የሚገባው አውጪው ጥሎ ቢሄድ ሌላ ተቋራጭ ቀጥሮ ምድሩን ለመመለስ የሚበቃው ነው፤ የሚለቀቀውም አፋፉ በተደለደለ ማግሥት ሳይሆን፣ የተዘራው ሣር ጥቂት ክረምቶችን አሳልፎ በራሱ ዘር መተካት ሲጀምር መሆን አለበት።