ሽንት ሲያቃጥል የገብስ ውሃ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ከወረታ ወጣ ብሎ ሩዝ የሚያርሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይውላሉ። ሜዳው ልሙጥ ነው፤ ዘወር የሚባልበት ቁጥቋጦ አይገኝም። ስለዚህ ሽንት ይቋጠራል፤ እንዳይመጣም ውሃ አይጠጣም። ማታ አንዷ «ሽንቴን አቃጠለኝ» ስትል ጎረቤቷ ገብስ አፍልታ ውሃውን ታመጣላታለች። «ነጭ ሽንኩርት ዋጪበት» የምትልም አትጠፋም።

ይሠራል ወይ? ሕመሙን በአብዛኛው የሚያመጣው አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ ፊኛ ለመድረስ አይርቀውም። ነጭ ሽንኩርት ሲጨቀጨቅ የሚፈጠረው አሊሲን ይህን ባክቴሪያ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ይገድላል። ሳህን ላይማ በረኪናም ይገድላል! የተዋጠው ነገር በአንጀትና በጉበት አልፎ ሽንት ውስጥ በበቂ መጠን መድረስ አለበት፤ አሊሲን ደግሞ ደም ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል።

የሚያሳስት ሌላ ነገርም አለ። ቀለል ያለ የፊኛ ኢንፌክሽን አንዳንዴ በራሱ ይተዋል፤ በአራተኛው ቀን የተሻላት ሴት ግን የምታመሰግነው ገብሱን ነው። መድኃኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ማስተያየት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጀርመን ውስጥ ኡቫ ኡርሲ የተባለ ቅጠል ከአንቲባዮቲክ ጋር ተነጻጽሮ ተፈትኖ ነበር። ቅጠሉን የወሰዱት ሴቶች አንቲባዮቲክ የፈለጉት በጣም ባነሰ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ ጠንቶባቸዋል፣ ወደ ኩላሊት የወጣባቸውም በዝተዋል።

የገብሱን ውሃ ግን አልንቀውም፣ በውሃነቱ። በፈረንጆች 2018 የታተመ የቡልጋሪያ ጥናት ሕመሙ የሚደጋገምባቸውንና ውሃ የማያዘወትሩ 140 ሴቶችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ ጨመሩ። በዓመቱ እነሱን በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲያማቸው፣ ሌሎቹን 3.2 ጊዜ አሟቸዋል። ይህ መከላከያ ነው እንጂ የያዘን ኢንፌክሽን አያድንም። ማሳው ዳር አንድ ጀሪካን ውሃና በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ መጸዳጃ ቢኖር ከብዙ ቅጠል ይበልጣል ባይ ነኝ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋት ወይም ማስመለስ ከመጣ፣ ታማሚዋ እርጉዝ ከሆነች፣ ወይም የታመመው ወንድ ወይም ሕፃን ከሆነ፣ ገብስ ሲፈላ አይጠበቅም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንት ማስመርመር ነው። ለእርጉዝ ጤና አዳም ጨምቆ ማጠጣትም አደጋ አለው፤ ማሕፀን ሊያኮማትር ይችላል። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን መዋስም አያዋጣም፤ ጎንደር ላይ በተመረመሩ የሽንት ናሙናዎች ውስጥ ከተገኘው ኢ. ኮላይ አብዛኛው ወንድሙን አምፒሲሊንን ለምዶታል።