ድል ያመጣው ስሕተት

ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ወጣቶች አምስት አምስት ደቂቃ ይዘው የጀመሩት ቼዝ በሰባተኛው እርምጃ አለቀ። ነጭ ንግሥቱን አስበልቶ ቼክሜት አደረገ፤ የከበቡት አጨበጨቡ። ጠጠሮቹን መልሰን ብንደረድር ግን ጭብጨባውን ያስገኘው እርምጃ ራሱ ስሕተት ነበር። ከፈጣን ጨዋታ መማር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይጠቀማል፦ ውጤቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ፣ የአሸናፊውንም እርምጃ የተሸናፊውን ያህል አጥብቆ ይመርምር።

ጨዋታው እንዲህ ሄደ። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4 ገፋ፤ ጥቁር በኢ5 መለሰ። የነጭ ፈረስ ኤፍ3 ላይ ወጥቶ ኢ5ን ሲያሰጋ ጥቁር ወታደሩን በዲ6 ደገፈው። ነጭ ቢሾፑን ወደ ሲ4፣ ጥቁር ፈረሱን ወደ ሲ6 አወጡ። በአራተኛው እርምጃ ነጭ ሌላኛውን ፈረስ ሲ3 ላይ ሲያቆም፣ ጥቁር ቢሾፑን ጂ4 ድረስ ልኮ የኤፍ3ን ፈረስ አሰረው። ፈረሱ ከቦታው ከተነሣ ከኋላው ዲ1 ላይ ያለችው ንግሥት ለቢሾፑ ትጋለጣለች።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ደኅና ናቸው። አምስተኛው ላይ ነጭ የታሰረውን ፈረስ አንሥቶ የኢ5ን ወታደር በላ። ጥቁር ጊዜ አላጠፋም፤ ንግሥቲቱን በላት። ነጭ በቢሾፑ የኤፍ7ን ወታደር በልቶ ቼክ አለ፤ ንጉሡ ከኢ7 በቀር መሄጃ አልነበረውም። ከዚያ ሁለተኛው ፈረስ ዲ5 ላይ አረፈ፤ ጨዋታው አለቀ። ዲ7ን የኢ5 ፈረስ ይዞታል፤ ኢ8ንና ኢ6ን የኤፍ7 ቢሾፕ፣ ኤፍ6ን ደግሞ ቼክ ያለው ፈረስ። ቢሾፑን እንዳይበላው የኢ5 ፈረስ ይጠብቀዋል። ዲ8ንና ኤፍ8ን የራሱ ንግሥትና የራሱ ቢሾፕ ዘግተውበታል። የማቱ ቅርጽ አዲስ አይደለም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የነበረው የቼዝ ተጫዋቹ የፊሊዶር አስተማሪ ሌጋል ስሙን የሰጠው ነው። ውበቱ አያከራክርም።

አሁን አምስተኛው እርምጃ ላይ እንቁም። ነጭ ኢ5ን በበላበት ቅጽበት ጥቁር የሚበላበት ሦስት መንገድ ነበረው። አንደኛው ንግሥቲቱን መብላት ነው፤ መጨረሻውን አይተናል። ሁለተኛው ፈረሱን በዲ6 ወታደር መብላት ነው፤ ይህ ማቱን ያስቀራል፣ ነገር ግን ጂ4 ላይ ያለው ቢሾፕ ጠባቂ ስለሌለው የነጭ ንግሥት ትበላዋለች፤ ጥቁር በአንድ ወታደር ይጎድላል። ሦስተኛው በሲ6 ፈረስ መብላት ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ፈረስ ኢ5 ላይ ሲደርስ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ የነጭን ፈረስ ያስወግዳል፣ የጂ4ን ቢሾፕ ይጠብቃል፣ የሲ4ንም ቢሾፕ ያሰጋል። የነጭ ንግሥት አሁንም በቢሾፑ ዓይን ሥር ናት፤ ነጭ እሷን ማዳን አለበት። ሒሳቡ ሲዘጋ ነጭ ፈረስ ሰጥቶ አንድ ወታደር ብቻ ይዟል። ጥቁር ተረጋግቶ ቢቀጥል ያሸንፍ ነበር።

ጥቁር ይህን ያላየው በሰዓት ጥበት ነው እንዳይባል፣ ከአራት ደቂቃ ተኩል በላይ ቀርቶት ነበር። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃና ከዚያ በታች የሚሰጠውን ጨዋታ ብሊትዝ ይለዋል፤ አምስት ደቂቃ ለዚህ አንድ ውሳኔ ከበቂ በላይ ነው። እጁን ያፋጠነው ሰዓቱ ሳይሆን ንግሥቲቱ ናት። ለዚህም ነው የብሊትዝን ስሕተት ሁሉ በጊዜ ማሳበብ የማያስተምረው። ተቃዋሚ ትልቁን ጠጠሩን በነጻ ሲያቀርብ፣ ከመብላት በፊት አሥር ሴኮንድ መክፈል ትርፍ አለው፤ በዚያች አሥር ሴኮንድ ሊጠየቅ የሚገባውም «ቀጥሎ ቼክ የሚለኝ በምንድን ነው?» የሚለው ብቻ ነው።

በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ በሰንጠረዥም፣ ፍጥነት ትልቅ ስፍራ ነበረው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት እንደተዘረዘረው፣ ጨዋታው «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ይከፈት ነበር፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት የእጅ እሽቅድምድም ይመስላል። ነገር ግን ብልኆቹ ዓይናቸው የሌላው አሰላለፍ ላይ ነበር፤ እሱ ሲለውጥ እነሱም ይለውጣሉ። ደግሞም ድል ሁሉ እኩል አይከበርም፤ በወታደር የተደረገ ማት በጠንካራ ጠጠር ከተደረገው ይልቅ ይወደስ ነበር። እንዴት አሸነፍክ የሚለው ጥያቄ ከማሸነፉ ጋር አብሮ ይመዘን የነበረበት ይህ ባህል፣ ለዛሬው ብሊትዝ ተጫዋች ጥሩ ውርስ ይመስለኛል።

ታዲያ ነጭ ምን ማድረግ ነበረበት? ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው ቅደም ተከተል ነው። አምስተኛው ላይ የኤችን ወታደር ወደ ኤች3 ገፍቶ ቢሾፑን ቢጠይቀውስ? ቢሾፑ እስሩን ላለመልቀቅ ወደ ኤች5 ካፈገፈገ፣ አሁን ኢ5ን መብላት ትክክል ይሆናል። ምክንያቱም ጥቁር በሲ6 ፈረስ ቢበላ፣ ያ ፈረስ ጂ4ን እንጂ ኤች5ን አይጠብቅም። የነጭ ንግሥት ቢሾፑን ትበላለች፤ የጥቁር ፈረስ ሲ4ን ይበላል፤ ንግሥቲቱ ቢ5 ላይ ቼክ እያለች ፈረሱን ታሰጋለች፣ በሚቀጥለውም ትበላዋለች። ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል። ቢሾፑ አንድ ቤት ፈቀቅ በማለቱ ያው ሐሳብ ከኪሳራ ወደ ትርፍ ተለወጠ። ይህን ልዩነት በጣቱ ሰሌዳው ላይ የተከተለ ሰው መቶ ወጥመድ ከሸመደደው ይልቅ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

ጥቁር ግን ለኤች3 የተሻለ መልስ አለው፤ ቢሾፑ የኤፍ3ን ፈረስ ይብላ። ነጭ በንግሥቱ መልሶ ሲበላ፣ እሷና የሲ4 ቢሾፕ ኤፍ7 ላይ ይገናኛሉ፤ በአንድ እርምጃ ማት ተደቅኗል። እዚህ የሚቸኩል እጅ የሲ6ን ፈረስ ወደ ዲ4 ይልካል፤ ንግሥቲቱን ያሰጋልና። ንግሥቲቱ ግን ኤፍ7ን በልታ ማት ታደርጋለች። ትክክለኛው ሌላኛውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ አውጥቶ መንገዷን መዝጋት ነው። ያን ጊዜ የዲ4ው ዝላይ እውነተኛ ይሆናል፤ ንግሥቲቱንና ሲ2ን በአንድ ላይ ያሰጋል፤ ነጭም ለምሳሌ ንግሥቱን ወደ ዲ1 መልሶ ሁለቱን ማዳን ይኖርበታል።