ለሳልሞን ወንዝ የሚከፍለው ማን ነው?

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ለወንዞች ገንዘብ የሚመድብ አንድ ቦርድ አለ። የሳልሞን ማገገሚያ ፈንድ ቦርድ ይባላል። የግዛቱ ምክር ቤት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ሲያትልና ታኮማ ወዳሉበት ወደ ፒዩጀት ሳውንድ የሚመለሰውን ቺኑክ ሳልሞን ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ አስገብቶት ነበር። አንድ ዓሣ በዚያ መዝገብ ከሰፈረ መንገድ ሥራውም፣ የደን ቆረጣውም፣ የቤት ግንባታውም ጥያቄ ይነሣበታል። ግዛቱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልቻለም።

ቦርዱ ምን እንደሚገዛ ለመረዳት ከዓሣው መጀመር ይሻላል። ሳልሞን በወንዝ ተወልዶ በባሕር ያድጋል፤ ከዓመታት በኋላ በውሃው ሽታ እየተመራ ወደተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ሴቷ ቦታዋን ከመረጠች በኋላ በጎኗ ተጋድማ ጠጠሩን በጅራቷ ትመታዋለች። ጠጠሩ ብድግ ብሎ ጥቂት ራቅ ብሎ ይወድቃል፤ በመካከሉ የነበረውን ደለል ግን ወራጁ ውሃ ጠርጎት ይሄዳል። በተከፈተው ጉድጓድ እንቁላሏን ስትጥል ወንዱ አጠገቧ ሆኖ ዘሩን ይረጭበታል። ከዚያ ወደ ላይ ፈቀቅ ብላ ሌላ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ከዚያ የሚነሣው ጠጠር የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ የሚተነፍሰው በጠጠሩ መካከል ሰርስሮ በሚያልፍ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ደለል ከተኛበት ይታፈናል።

የፓስፊክ ሳልሞኖች፣ ቺኑክ፣ ኮሆ፣ ሶካይ፣ ቸምና ፒንክ፣ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ። ወደ ባሕር ወርዶ የሚያድገው ሬይንቦው ትራውት፣ ስቲልሄድ የሚሉት፣ ከሞት ተርፎ ዳግም ወደ ባሕር ሊወርድ ይችላል። ይህ ኑሮ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከጣና ነጭ አሳዎች በርከት ያሉት ዝናብ ሲገባ እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ በወንዝ አፍ የሚዘረጋ መረብ፣ የአሸዋ ቁፋሮና ግድብም ያሰጋቸዋል።

እንግዲህ ዓሣው የሚፈልገው ንጹሕ ጠጠር፣ ቀዝቃዛ ውሃና ያልተዘጋ መንገድ ነው። ሦስቱንም ያበላሸው ሰው ነው፤ አንዳንዴም በቅን ልቦና። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በወንዝ ውስጥ የወደቀ ግንድ ዓሣውን ያግደዋል ተብሎ ስለታመነ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ግንዶችን እየጎተቱ አስወጥተዋል። ዛሬ ሌላ ገንዘብ ወጥቶ እነዚያኑ መሳይ ግንዶች ከነሥራቸው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ፤ መኪና በማይደርስበት ሸለቆ በሄሊኮፕተር ጭምር። ግንዱ ምን ይሠራል? ውሃው መጥቶ ሲመታው ወደ ታች ቆፍሮ ጥልቅና ቀዝቃዛ ኩሬ ይፈጥራል። ከጀርባው ፍጥነቱ ስለሚበርድ ጠጠር ይቀመጣል። ግልገል ዓሦች ሥሩ ውስጥ ተሸሽገው ከወፍም ከጎርፍም ያመልጣሉ።

ሌላው እንቅፋት ከመንገድ ሥር የሚቀበር ቱቦ ነው። መንገድ ጅረት ሲያቋርጥ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ጠባብ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ይቀበራል። ከዓመታት በኋላ በመውጫው በኩል ያለው አፈር ስለሚታጠብ የቱቦው አፍ ከጅረቱ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ውስጡ ያለው ውሃም ስስና ፈጣን ይሆናል። ዓሣው ዘሎ አይደርስበትም፤ ቢደርስም ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በ1850ዎቹ መሬታቸውን ሲለቁ ዓሣ የማስገር መብታቸውን በውል አስጠብቀው ነበር፤ በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ይህ መብት በዓሣ ምርቱ ግማሽ ድርሻ እንደሚሰጣቸው ፈረዱ። በኋላም ጎሳዎቹ ዓሣ የማይመለስበት ወንዝ ይዞ የማስገር መብት ምን ይረባል ሲሉ ተከራከሩ። ግዛቱ በመንገዶቹ ሥር ያሉትን ቱቦዎች እንዲከፍት የተሰጠው ትእዛዝ በ2018 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አራት ለአራት ድምፅ ጸንቷል። ሥራው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል። ይህ ግን ቦርዱ ከሚሰጠው ገንዘብ ውጪ የግዛቱ የራሱ ዕዳ ነው።

የቦርዱ ገንዘብ በዋናነት የሚመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ የአሜሪካ ኮንግረስ በ2000 ያቋቋመው የፓስፊክ ጠረፍ ሳልሞን ማገገሚያ ፈንድ ነው፤ ሌላው ግዛቱ በቦንድ ሽያጭ የሚሰበስበው። ቦርዱ ራሱ አካፋ አያነሣም። የሚሠሩት ጎሳዎች፣ ካውንቲዎች፣ ከተሞችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። ማመልከቻው መጀመሪያ የሚቀርበው በየተፋሰሱ ላለው ኮሚቴ ነው፤ በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሰዎችና የአካባቢው ባለሙያዎች ተቀምጠው የትኛው ሥራ ይቅደም የሚለውን በደረጃ ያስቀምጣሉ። ነፃ ገምጋሚዎችም ቦት ጫማ አጥልቀው ወንዙ ውስጥ ይገባሉ። ለምን እዚህ? ከዚህ በታች ሌላ እገዳ ካለ ዓሣው እንዴት ሊደርስ ነው? ወንዙ ራሱ አቅጣጫውን ቢቀይርስ? ብለው ይጠይቃሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አገረ ገዢው የሾማቸው አምስት ድምፅ ሰጪ የቦርድ አባላት የሚወስኑት።

እኔ በዚህ አሠራር የምወደው ቅደም ተከተሉን ነው። ሐሳቡ ወንዙን ከሚያውቀው ሰው ይነሣል፤ ሳይንሱ ያጣራዋል፤ ገንዘቡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አመልካቹም በአብዛኛው የወጪውን ቢያንስ 15 በመቶ ራሱ ያዋጣል፣ በገንዘብ ወይም በጉልበት።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ክፍያው በአመዛኙ የሚፈጸመው ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ሲቀርብ ስለሆነ ካዝናው ሳሳ ያለ ትንሽ ድርጅት ይቸገራል። ወንዝ ውስጥ ማሽን ማስገባት የሚፈቀደውም በጠጠሩ ውስጥ እንቁላል በሌለባቸው ጥቂት የበጋ ሳምንታት ብቻ ነው፤ የፈቃድ ፊርማ ከዘገየ ዓመቱ ያመልጣል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ክትትሉ ነው። ቆፍሮ ፎቶ ለሚነሣለት ሥራ ገንዘብ ማግኘት ይቀላል። በወንዙ ዳር የተተከለውን ዛፍ ብላክቤሪ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ እንዳይውጠው ለዓመታት ለማረምና ዓሣው በእርግጥ መመለሱን ለመቁጠር ግን ገንዘብ ሁልጊዜ ያጥራል። ለወንዙ ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ለማደግ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል፤ በጀት ግን በሁለት ዓመት ይታሰባል።

ትዕግሥቱ ሲገኝ ምን እንደሚሆን በዚያው ግዛት ያለው የኤልዋ ወንዝ ይመሰክራል። በ1913ና በ1927 የተሠሩ ሁለት ግድቦች ከባሕር ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ አስቀርተው ወንዙን ለዓሣው ዘግተውት ነበር። ኮንግረስ ወንዙ እንዲታደስ በሕግ የወሰነው በ1992 ነው፤ ማፍረሱ ግን በ2011 ተጀምሮ በ2014 አለቀ። ጠቅላላ ፕሮጀክቱ 325 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ አብዛኛው የፌዴራል ገንዘብ ነው። ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ወንዝና ገባር ተከፈተ። ለዓመታት ከማስገር ታቅቦ የቆየው የታችኛው ኤልዋ ክላላም ጎሳ በ2023 መኸር ጥቂት ኮሆ ከወንዙ አሰገረ።

የፒዩጀት ሳውንድ ቺኑክ ግን ዛሬም ከመዝገቡ አልወጣም። ወንዙ ሲጠገን ከተማውም ይሰፋልና። ሲያትል ውስጥ ባለው ሎንግፌሎ ጅረት ጤናማ የሚመስሉ ኮሆዎች ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቁላል ሳይጥሉ ሲሞቱ ቆይተዋል። ተመራማሪዎች በ2020 መጨረሻ ገዳዩን አገኙት፤ ጎማ እንዳይሰነጠቅ ከሚጨመር ኬሚካል የሚፈጠር መርዝ ነው። ጎማው ሲያልቅ ብናኙ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፣ ዝናቡም ወደ ጅረቱ ያጥበዋል። ያንኑ የመንገድ ውሃ በአሸዋና በብስባሽ ድብልቅ አጣርተው ሲሞክሩት ዓሦቹ በሕይወት ቆይተዋል። ስለዚህ ለሳልሞን የሚወጣው ገንዘብ አሁን ከወንዙ ወጥቶ ወደ መንገድ ዳር፣ ወደ ፓርኪንጉና ወደ ድልድዩ ሥር መዝለቅ ጀምሯል።