የእሁድ ገበያ ርካሽ ነው፤ ግን ለማን?

ዛሬ ወደ ዋጋ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ትናንት ጠዋት እማማ ከምንላቸው ጎረቤታችን ጋር እዚሁ አዲስ አበባ የእሁድ ገበያ ወጣን። ቀይ ሽንኩርት ሰፈራችን ካለው ጉልት በኪሎ 20 ብር ይቀንሳል። እኔ 5 ኪሎ አስመዘንኩ። ደርሶ መልስ የታክሲ 40 ብር ተቀንሶ እንኳ 60 ብር ተረፈኝ። እማማ ግን አንድ ኪሎ ብቻ ገዙ። «ምነው እማማ፣ ጨመር አያደርጉም?» ስላቸው፣ «በእጄ ያለው ይኸው ነው ልጄ» አሉኝ። ታክሲው ሲታሰብ እሳቸው 20 ብር ከስረው ተመለሱ።

ቅናሹ የውሸት አይደለም። ከመቂ ወይም ከባቱ የተነሳ ሽንኩርት ጉልት እስኪደርስ በደላላ፣ በጅምላ ነጋዴና በአከፋፋይ እጅ ያልፋል፤ ሁሉም የየራሱን ይጨምርበታል። እሁድ ገበያ ላይ ግን ቦታውን የሚያዘጋጀው ከተማ አስተዳደሩ ነው፣ የገበሬ ዩኒየኖችና አምራቾች በቀጥታ ያቀርባሉ፣ የዋጋ ጣሪያም ይወጣል። ሰንሰለቱ ሲያጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ሌላ ተአምር የለውም።

ችግሩ ወዲህ ነው። የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው የሳምንት አስቤዛ በአንዴ አይሸምትም። ማክሰኞ ማታ ያገኛትን ይዞ ጉልት ሄዶ አንድ መደብ ይገዛል። ስለዚህ ቅናሹን የሚያገኘው ቀድሞም ብር የነበረው ነው። እኔን ጨምሮ ማለት ነው።

በእኔ እምነት መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የሸማቾች ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። ለሚ ኩራና ኮልፌ ትልልቅ የገበያ ማዕከላት ተሠርተዋል። ከማዕከላቱ ወደ ሸማቾች ሱቅ አትክልት በየቀኑ ቢገባና በእሁዱ ዋጋ በግማሽ ኪሎም ቢሸጥ፣ እማማ ታክሲ አያስፈልጋቸውም። ገበያውን መመዘን ያለብን በተለጠፈው ዋጋ ሳይሆን ግማሽ ኪሎ የሚገዛው ሰው ስንት ከፍሎ ቤቱ እንደገባ ነው።

እስከዚያው ግን ተደራጁ። አራት አምስት ጎረቤት ብር አዋጥቶ አንድ ሰው ይላክ፤ የታክሲው ወጪ ለሁሉም ይካፈላል። እኔም በሚቀጥለው እሁድ የእማማን ይዤላቸው እመጣለሁ።

እናንተ ሰፈርስ ሽንኩርት ስንት ገባ? የጉልቱንም የእሁዱንም ላኩልን፣ ነገ ጎን ለጎን እናወጣዋለን።