የምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዞች ወርቅና የፈላጊዎቹ ታሪክ

ቱማት ከቤኒሻንጉል ከፍታዎች ተነስቶ ወደ ሰሜን በመፍሰስና ድንበር በመሻገር ከአባይ ጋር የሚቀላቀል ወንዝ ነው። በውሃ መጠኑ ከአባይ ታላላቅ ገባሮች ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁንና በአሸዋው ውስጥ የሚገኘው ወርቅ በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከካይሮና ከአውሮፓ ባለሙያዎችን ስቦ ወደዚህ ሩቅ ሥፍራ አምጥቷል። የፍለጋው ታሪክ ዛሬም የማዕድን ሀብትን ለሚያስተዳድሩ አካላት ትምህርት ይሰጣል።

በወንዝ ዳር የሚገኘው ወርቅ የደለል ወርቅ ይባላል። ወርቁ በመጀመሪያ የተፈጠረው በጥንታዊ አለቶች ስንጥቅ ውስጥ ነው። አለቱ በፀሐይና በዝናብ ለብዙ ዘመናት ሲፈረካከስ ወርቁ ከአፈርና ከጠጠር ጋር በጎርፍ ተጠርጎ ወደ ወንዝ ይገባል። ወርቅ ከተራ አሸዋ በሰባት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ የውሃው ኃይል በሚደክምበት ቦታ፣ ማለትም በወንዝ መታጠፊያ፣ ከትላልቅ ድንጋዮች ሥርና ከደለሉ በታች ባለው አለት ላይ ይከማቻል። አጣቢዎች ደለሉን በገበቴ እያንገዋለሉ ቀላሉን አሸዋ በውሃ ሲያስወግዱ ከታች ጥቁር አሸዋና የወርቅ ቅንጣት ይቀራል።

የአካባቢው ወርቅ ዝና እጅግ የቆየ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው የአሌክሳንድርያ ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደተባለ አገር ነጋዴዎችን ይልክ እንደነበር ጽፏል። ነጋዴዎቹ በእሾህ አጥር ላይ የበሬ ሥጋ፣ አሞሌና ብረት ያኖራሉ፤ ነዋሪዎቹም በፈለጉት ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ነጋዴው ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ይወስዳል፤ ካልተስማማው ሳይነካው ይተወዋል። ንግዱ የሚካሄደው ቃል ሳይለዋወጡ ነበር። በርካታ የታሪክ ተመራማሪዎች ሳሱ በዛሬው የቤኒሻንጉልና የፋዞግሊ አካባቢ እንደነበረች ይገምታሉ።

የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1820 ጦራቸውን ወደ ሱዳን ሲያዘምቱ ከዓላማዎቻቸው መካከል የወርቅ ምንጭና ባሪያ ማግኘት ይገኙበት ነበር። ኦስትሪያዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ዮሴፍ ሩሴገር እ.ኤ.አ. በ1838 እስከ ቤኒሻንጉል ዘልቆ አካባቢውን አጠና። መሐመድ አሊ ራሳቸውም ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ወደ ፋዞግሊ ተጓዙ። እ.ኤ.አ. በ1847 እና 1848 ደግሞ ሩሲያዊው የማዕድን መሐንዲስ የጎር ኮቫሌቭስኪ በቱማት ዳርቻ የደለል ወርቅ አግኝቶ የማጠቢያ ተቋም እንዲቆም አደረገ።

ይህ ሁሉ ድካም የተጠበቀውን ሀብት አላስገኘም። የደለል ወርቅ በሰፊ ቦታ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተበትኖ የሚገኝ በመሆኑ ሩቅ ተጉዞ የመጣ ጦር ወጪውን ሊሸፍንበት አይችልም። ወርቁ የሚገኝባቸውን ጅረቶች ለይተው የሚያውቁት ነዋሪዎቹ ነበሩ። እነርሱ ግን በዘመቻና በባሪያ ፈንገላ ይሳደዱ ነበር።

ቤኒሻንጉል በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በራስ መኮንን ዘመቻ በዳግማዊ ምኒልክ አስተዳደር ሥር ከገባ በኋላ፣ ድንበሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ተወሰነ። ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንን የመሰሉ የአካባቢው ገዥዎችም ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ ይገብሩ ነበር።

የወንዝ ወርቅ ሌላም ጠቀሜታ አለው፤ ወደ ዋናው ክምችት ይመራል። ፈላጊው ደለሉን እየፈተነ ወደ ወንዙ ራስጌ ይወጣል። ቅንጣቱ ሻካራና ባለጠርዝ ሲሆን ምንጩ ቅርብ መሆኑን፣ ልሙጥና ጠፍጣፋ ሲሆን ከሩቅ መምጣቱን ይረዳል። በጉጂ ዞን አዶላ አካባቢ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደለል ወርቅ የተጀመረው ሥራ ከጊዜ በኋላ ከለገደምቢ የአለት ወርቅ ክምችት አድርሷል። ለገደምቢ እ.ኤ.አ. በ1990 ማምረት ጀምሮ በ1997 ወደ ግል ባለሀብት ተዛውሯል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ኩርሙክ አካባቢም ነዋሪው ለዘመናት ወርቅ ሲያጥብበት በኖረው ምድር የአለት ወርቅ ክምችት ተገኝቷል።

በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ለባህላዊ አምራቾች ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የክልሎች ነው፤ ምርቱን የሚገዛው ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በባንኩ ዋጋና በትይዩ ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ወርቁ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተሻሻለ በኋላ ለባንኩ የሚቀርበው ወርቅ በከፍተኛ መጠን መጨመሩ ይህንኑ ያረጋግጣል።

ዋጋ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ሳይደፈኑ የሚተዉ ጉድጓዶች ሰውና ከብት ይጎዳሉ። ወርቅን ከአሸዋ ለመለየት የሚውለው ሜርኩሪ ወይም ባዜቃ የአጣቢውን ጤና ከማቃወሱም በላይ ውሃንና ዓሣን ይመርዛል። አጠቃቀሙን ለመገደብ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 መጽደቁ የችግሩን ክብደት ያመለክታል።

የቱማት ታሪክ እንደሚያሳየው በኃይል የተፈለገው ወርቅ ለፈላጊው አልበረከተም፤ ገበቴውን ይዞ በወንዙ ዳር የዘለቀው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ስለሆነም ፈቃድ ሰጪው፣ ገዢውና ተቆጣጣሪው አካል አጣቢው ባለበት ቦታ ተገኝተው ተገቢውን ዋጋና የሙያ ምክር ሲያቀርቡ፣ ወርቁ ለአገር ይውላል፤ ወንዙም ለመጪው ትውልድ ይተርፋል።