የእንጨት ዶሮ ቤት ከዝናብና ከእርጥበት ስለሚጠበቅበት ዘዴ

ዶሮ ለቤተ ሰብ የምትሰጠው ጥቅም ከማንም የተሰወረ አይደለም። እንቁላልዋ ለሕፃናት ገንቢ ምግብ፣ ሥጋዋ የዓመት በዓል ክብር፣ ዋጋዋም የደብተር መግዣ ይሆናል። ነገር ግን ይህች ጠቃሚ እንስሳ ከሰው ጋር በአንድ ክፍል የምታድር ከሆነ፣ የሰጠችውን ጥቅም መልሳ ልትነሣ ትችላለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎባ አቅራቢያ ወደሚገኝ የአንድ መምህር ቤት ተጠርተን ሄደን ነበር። ገና በመዳህ ላይ ያለው ሕፃን ተቅማጥ እየደጋገመው ሰውነቱ ከስቷል። ዶሮዎቹ ከአልጋው ሥር ያድሩ ስለ ነበር፣ በውጭ የእንጨት ቤት እንዲሠራላቸው መክረን ተመለስን። መምህሩም ምክራችንን ተቀብሎ ከባሕር ዛፍ ጣውላ አሠራ። በክረምት ተመልሰን ስንጠይቅ ግን ዶሮዎቹን በዚያው በአልጋው ሥር አገኘናቸው። ነገሩ ቢያስገርመን አያቲቱ፣ «ልጄ፣ እኛስ አውጥተናቸው ነበር፤ ዝናቡ መልሶ አስገባቸው እንጂ» ሲሉ መለሱልን። ወደ ጓሮ ወጥተን ስንመለከት ጣውላው ተጣሞ ተሰነጣጥቋል፤ ወለሉም ውሃ አቁሯል። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ዶሮን ከሰው መኝታ መለየት እንደሚገባ በውጭ አገር ትምህርት ቤት ተምረን ነበር፤ በባሌ ደጋ ዝናብ የእንጨት ቤት እንዴት ደርቆ እንደሚኖር ግን ለመምህሩ አልነገርነውም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ያንን ጉድለት ለማሟላት ነው።

ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉት ተሐዋስያን ዶሮዋን ሳያሳምሟት በአንጀትዋ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ከኩሷ ጋር ወደ ወለሉ ይወርዳሉ፤ የሚድኸውም ሕፃን በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ያደርሳቸዋል። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር ቤተ ሰቦች ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥተዋል። በጥናቱ እንደ ተመለከተው፣ ዶሮ ማርባት ከሕፃናት የተሻለ እድገት ጋር አብሮ ሲገኝ፣ ዶሮን ሌሊት በመኖሪያ ቤት ማሳደር ግን ከቁመት ማጠር ጋር አብሮ ተገኝቷል። እንግዲህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዶሮ በማርባቱ ሳይሆን በማደሪያዋ ነው።

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባም ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ደጋ ዝናብ በዓመት ሁለት ወቅት ስለሚዘንብ ገበሬው «ጋና» እና «ቦና» ብሎ ሁለት ጊዜ ያመርታል። ለእህል በረከት የሆነው ይህ ዝናብ ለእንጨት ፈተና ነው፤ ጣውላው ከአንዱ ዝናብ በቅጡ ሳይደርቅ ሌላው ይደርስበታል። የቀኑ ብርቱ ፀሐይና የሌሊቱ ብርድም እየተፈራረቁ ይሰነጥቁታል። በእንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ ግን የሚያበሰብሰው ሻጋታ ሊያድግበት አይችልም። ስለዚህ የሥራው ሁሉ ዓላማ እንጨቱን ማድረቅና ደርቆ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ለዚህም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የበጋ ጊዜ ተስማሚ ነው።

ከቀለም በፊት አሠራሩን ማስተካከል ይገባል። የቆርቆሮው ክዳን በአራቱም በኩል ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይውጣ። ቤቱ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ እግሮቹ በአፈር ሳይቀበሩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁሙ። ከአሮጌ አጥር የተረፈ የሐበሻ ጥድ ከተገኘ፣ ልቡ መበስበስን ስለሚቋቋም ለእግር ይጠቅማል፤ ለዚህ ሲባል ግን ጥድ መቍረጥ አይገባም። ደጁም ዋነኛው ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ተቃራኒ ይሁን።

ከዚህ በኋላ ጣውላው ከኩስ፣ ከአቧራና ከሻጋታ በብሩሽ ጸድቶ ለብዙ ቀን በፀሐይ ይድረቅ። ሻካራው በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ የበሰበሰው ክፍል ተቈርጦ በደኅና ጣውላ ይተካ። እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም መቀባት እርጥበቱን ውስጥ መዝጋት ነውና ከንቱ ድካም ይሆናል።

የውጭውን ግድግዳ በሁለት መንገድ መጠበቅ ይቻላል። አንደኛው የተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይደነድናል፤ የወጥ ዘይት ግን እንደ እርሱ በሚገባ ስለማይደነድን ሊተካው አይችልም። ዘይቱ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ በሚሉት ማቅጠኛ ቀጥኖ በስሱ ይቀባ፤ በእንጨቱ ውስጥ ያልሰረገው ትርፍ በጨርቅ ይጠረግ። ውሃ በብዛት የሚገባው በጣውላው የተቈረጠ ጫፍ በኩል ስለ ሆነ፣ ያ ጫፍ ደጋግሞ ይጠጣ። የመጀመሪያው በሚገባ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው ይደገም፤ በብርድ አገር ይህ ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በመጨረሻም እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን እንደሌለበት በቆርቆሮው ላይ የተጻፈ የዘይት ቀለም ይደረብበት። በዚህ ሥራ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ በውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ሁለተኛው መንገድ ገንዘብ ለሚያጥረው የሚሆን የኖራ ቅብ ነው። ኖራ ዘይት በነካው እንጨት ላይ ስለማይዝ፣ ያልተቀባ እንጨት ላይ ብቻ ይሠራበታል። ከውሃ ጋር ያልተዋሐደ ኖራ ከሆነ፣ ኖራው ጥቂት በጥቂት በውሃው ላይ ይጨመር እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይፍሰስ። ሲዋሐድ እጅግ ስለሚፈላና ዓይንን ስለሚያቃጥል ሕፃናት ይራቁ። አድሮ በጨርቅ ከተጠለለ በኋላ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ዝናብ ስለሚያጥበውም በየዓመቱ ይታደስ።

ብዙ ሰዎች የአጥር እንጨት በተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲቀቡ እናያለን። ይህ ለዶሮ ቤት ፈጽሞ አይገባም። በውስጡ መርዛም ማዕድናትና ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ቅመሞች አሉበት፤ ዶሮም የምትኖርበትን እንጨትና አፈር መጫርና መልቀም ልማዷ ነው። በመድኃኒት የተነከረ አሮጌ የስልክ እንጨትም እንደዚሁ ይቅር። የቀለሙ ሽታ ፈጽሞ ሳይጠፋ ዶሮዎቹን ማስገባት አይገባም።

ቤቱን ከዝናብ መጠበቅ ማለት አየር መንፈግ ማለት አይደለም። ዶሮዎች ከትንፋሻቸውና ከኩሳቸው ብዙ እርጥበት ስለሚያወጡ፣ ሁሉ በኩል የተደፈነ ቤት ከውስጥ ይረጥባል፤ አሞኒያ የተባለው የኩስ ጋዝም ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል። ስለዚህ ከጣራው ክፈፍ ሥር ሸለምጥማጥ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ የተመታበት ክፍት ቦታ ይተው።

መምህሩ በጥር ወር ዶሮ ቤቱን በዚሁ ዘዴ አደሰው። በሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ባባራ ሰዓት ስንደርስ አያቲቱ እጃችንን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱንና የውስጡን ግድግዳ አስነኩን፤ ደረቅ ነበር። ዶሮዎቹም በቆጣቸው ላይ ነበሩ። እናንተም መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ የዶሮ ቤታችሁን በዚሁ ፈተና መርምሩ። እርጥብ ሆኖ ብታገኙት ጥገናውን ለበጋ አትርሱ፤ ተማሪዎቻችሁም ወደየቤታቸው የሚወስዱትን ዕውቀት ከዓይናቸው ያገኙ ዘንድ ሥራውን አብረዋችሁ ይሥሩት።