አሥሩ መዓርጋት፦ በጽሞና የሚደረስበት መንፈሳዊ ብርሃን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምንኩስና ትምህርት መሠረት፣ በጽሞናና በተመስጦ የሚኖር ሰው መንፈሳዊ ብርሃንን በአንድ ሌሊት አያገኘውም፤ አሥር መዓርጋትን ተራ በተራ ይወጣል። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ፣ አራቱ የንጽሐ ነፍስ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ደግሞ የንጽሐ ልቡና መዓርጋት ይባላሉ። ይህን የሚያስተምሩት ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት አንዱ የሆነው የመጻሕፍተ መነኮሳት ሊቃውንት ናቸው፤ የጉባኤው መጻሕፍትም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይባላሉ።

መጻሕፍቱ በመጀመሪያ የተጻፉት በሱርስት ሲሆን በዓረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተመልሰዋል። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ዛሬ ኳታር በምትገኝበት አካባቢ የተወለደ መነኩሴ ነበር። የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ቢሾምም አምስት ወር ቆይቶ ሹመቱን ተወና ወደ ተራራ ገባ፤ በንባብ ብዛትም የዓይኑን ብርሃን እንዳጣ ይነገርለታል። ስለ ጽሞና የጻፈው ሁሉ ከዚህ ሕይወት የወጣ በመሆኑ ምክሩ ሰውን ከድካሙ ጋር ያውቀዋል።

የመጀመሪያው መዓርግ ጽማዌ ነው። ትርጉሙ ዝምታና ከከንቱ ወሬ መከልከል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን አፍ ሲዘጋ ልብ መጮህ ይጀምራል። የቆየ ቂም፣ የምግብ አምሮት፣ የነገው ስጋት በጽሞና ሰዓት ገሃድ ይወጣሉ፤ ጀማሪው ከበፊቱ የባሰ ኃጢአተኛ የሆነ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ቀድሞም በውስጡ የነበረውን አሁን ገና ማየቱ ነው። ይህን የታገሠ ወደ ልባዌ ይሻገራል፤ የሚያነበውንና የሚሰማውን ልብ ይለዋል፣ ያስተውለዋል። ቀጥሎ ጣዕመ ዝማሬ ይመጣል። ለዓመታት በቃል ብቻ ሲደገም የኖረው ዳዊት በዚህ ጊዜ ጣዕም ያገኛል፤ አንደበትና ልብ አንድ ላይ ይጸልያሉ።

የንጽሐ ነፍስ በር አንብዕ፣ ማለትም እንባ ነው። ማር ይስሐቅ እንባን በሥጋዊውና በመንፈሳዊው ኑሮ መካከል እንዳለ ድንበር ይቆጥረዋል። እንባው ያለ ማቋረጥ እየፈሰሰ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊዘልቅ እንደሚችል፣ ከዚያ በኋላ የሐሳብ ዕረፍት እንደሚከተል ይጽፋል። አንድ እርከን ብቻውን ዓመታት የሚወስድ ከሆነ፣ በጥቂት ሱባኤ ሁሉን ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው መንገዱን ገና አላወቀውም ማለት ነው። ከአንብዕ በኋላ ሥጋ ለነፍስ የሚገዛበት ኩነኔ ይከተላል፤ ከዚያም ፍቅር።

ስድስተኛው መዓርግ ፍቅር ጻድቅና ኃጥእ፣ ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ መውደድ ነው። ማር ይስሐቅ ስለሚራራ ልብ ሲናገር ለሰው፣ ለወፎችና ለአራዊት፣ ለአጋንንትም ጭምር የሚቃጠል ልብ ብሎ ይገልጸዋል። የሥርዓቱ ታላቅ ጥበብ እዚህ ላይ ይታያል። ከሰው የተሰወረውን ማየት የሚጀምረው ከፍቅር ቀጥሎ በሚመጣው በሰባተኛው መዓርግ፣ በሑሰት ነው፤ በዚህ መዓርግ ያለ ሰው ካለበት ሳይንቀሳቀስ የራቀውን ያያል። ስለዚህ ዝምታን ያልለመደ፣ ጎረቤቱን ይቅር ያላለ ሰው ራእይ አየሁ ቢል፣ በዚህ ትምህርት ሚዛን ቃሉ አይታመንም። ማር ይስሐቅም ሕዋሳቱን ሳያነጻ ወደ ከፍተኛው ተመስጦ የሚዘል ሰው ቁጣን በራሱ ላይ እንደሚያመጣ አጥብቆ ያስጠነቅቃል።

የንጽሐ ልቡና መዓርጋት ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞ ብርሃንና ከዊነ እሳት ናቸው፤ መላእክትን ማየት፣ በብርሃን ባሕር መስጠም፣ በመጨረሻም እንደ እሳት መሆን። ከግብፅ በረሃ አባቶች አባ ዮሴፍ እጆቹን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ጣቶቹ እንደ አሥር መብራት እንደ በሩ የሚተረከው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እዚህ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ማር ይስሐቅ ንጹሕ ጸሎትን እንኳ ከሺዎች አንዱ ብቻ እንደሚያገኛት፣ ከእርሷ የሚያልፈውም በየትውልዱ ከስንት አንዴ እንደሚገኝ ይናገራል።

ጉዞው ደግሞ ሁልጊዜ ሽቅብ አይደለም። ትናንት ጸሎት የጣመው ሰው ዛሬ ልቡ ጨልሞ፣ መጽሐፉ ከብዶት፣ እምነቱ ራሱ ተናግቶ ሊያገኘው ይችላል። ማር ይስሐቅ ይህን ጨለማ የመውደቅ ምልክት አያደርገውም፤ በጽሞና የሚኖር ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ምክሩም ርኅራኄ የተሞላበት ነው፤ መነኩሴው መስገድና ማንበብ ቢያቅተው እንኳ ከበዓቱ አይውጣ፣ ራሱን በልብሱ ሸፍኖ ይተኛ፣ ጨለማው እስኪያልፍ ይታገሥ ይላል።

ትምህርቱ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። የገዳም ሥርዓት ራሱ በደረጃ የተሠራ ነው፤ ገቢው በአመክሮ ይፈተናል፣ አበውን እየታዘዘ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቆብና አስኬማም እንደየጊዜያቸው ይሰጡታል። የራሱን መዓርግ የሚመዝነው እርሱ ሳይሆን የንስሐ አባቱ ነው። ማር ይስሐቅ ከነአማርኛ አንድምታው ታትሞ ስለሚገኝ ከገዳም ውጭ ያለ ምእመንም ሊያነበው ይችላል፤ የሚያነብ ግን መምህር ይዞ፣ ከመጨረሻዎቹ ሳይሆን ከጽማዌ ይጀምር።